የአሥራ አራቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት

«የአንድ ሰዓት ስሕተት ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» ያሉኝ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ናቸው። ይህን ካሉኝ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ፣ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ያለ ቅደም ተከተል ማውራት አይሆንልኝም። ተማሪዎቼም በዚህ ይስቁብኛል።

ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ነው። የተረከብኩት ክፍል ሃያ አንድ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ የሚሠሩት አሥራ አራቱ ነበሩ። ሰባቱን ሙቀትና አቧራ ጨርሷቸዋል። የቀሩትን አቧራ እንዳይገባባቸው ከትምህርት በኋላ በተቀደደ የሰሊጥ ጆንያ እንሸፍናቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራቱንም አብርቼ ከፊታቸው ቆምኩ። እንደዚያ ቀን የተዝረከረከ ነገር አይቼ አላውቅም። ሁሉም ኮምፒውተር ከስክሪኑ ግርጌ ታስክባር የምንላት ቀጭን መስመር አለችው። የተከፈተው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይሰለፋል፤ በግራ ጫፏ የመጀመሪያው ቁልፍ፣ በቀኝ ጫፏ ቋንቋው፣ ድምፁና ሰዓቱ ይቀመጣሉ። እነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ግን አንዷ አናት ላይ ወጥታለች፤ ሌላዋ በቀኝ በኩል እንደ ግንብ ቆማለች፤ ሦስተኛዋ አብጣ የስክሪኑን ሲሶ ይዛለች። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጭራሽ የለችም። ማውሱን ወደ ታች ስታወርደው ብቅ ትልና መልሳ ትደበቃለች። ተማሪዎቹ ይህንን «ጅብ» ብለው ሰይመውታል፤ የተበላሸ መስሏቸው ጠረጴዛውን በቡጢ እየመቱ ይጠሩታል።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እያንዳንዷን መስመር ከቁልፏ ፈትቼ፣ ወደ ግርጌ ጎትቼ፣ አቅጥኜ መልሼ ቆለፍኳት። ማንም የማይጠቀምባቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከዚያ የሚያስፈልጉትን ብቻ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሰካሁ፤ መጀመሪያ የፋይል ማኅደሩ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ፕሮግራሙ፣ ቀጥሎ የሠንጠረዡ፣ ቀጥሎ የአማርኛ መጻፊያው። በጽሑፍ ፕሮግራሙ ውስጥም ታች ስታተስ ባር የሚባል ሌላ መስመር አለ። ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለህ፣ ስንት ቃል እንደጻፍክ፣ በየትኛው ቋንቋ እየጻፍክ እንደሆነ ይነግርሃል። እሱ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ብትጫን ረጅም ዝርዝር ይወጣል፤ የምትፈልገውን ታሳያለህ፣ የማትፈልገውን ታጠፋለህ። እሱንም በአሥራ አራቱም ላይ አንድ አደረግኩት።

«ታችህን ሳታይ ላይህን አትጻፍ» እል ነበር ተማሪዎቼን። ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንዳለ የሚናገረው በግርጌው ነው፤ መሐል ላይ ያለው የአንተ ሥራ ነው፣ ግርጌው ላይ ያለው የእሱ ቃል ነው። መምህራኑ «ቲቸር ታስክባር» የሚል ስም አወጡልኝ። አልከፋኝም። አንድ ልጅ ከአንደኛው ወንበር ተነስቶ ሌላው ላይ ሲቀመጥ እጁ ሳያመነታ የሚፈልገውን ሲያገኝ አይቻለሁ፤ ለዚያ ነበር የደከምኩት።

ያቃተኝ ሰዓቱ ብቻ ነበር።

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲሞት ሰዓቱንና ቀኑን የምታስታውስለት እሷ ናት። የእኛዎቹ ባትሪዎች አልቀዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ማለትም በዚህ አገር ቶሎ ቶሎ፣ ኮምፒውተሮቹ ሲበሩ ተማሪዎቼ ወዳልተወለዱበት ዘመን ይመለሳሉ። ባትሪዎቹ እንዲቀየሩ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ይዤ ምክትሉ ቢሮ ስገባ ሳቁ።

«ቁልፍ ለምታህል ነገር ነው ይሄ ሁሉ ደብዳቤ?»

«ትንሽ ስለሆነች እኮ ነው በቀላሉ ይቀየራል የምለው።»

«ጣራው እያፈሰሰ፣ ወንበሩ እየተሰበረ፣ አንተ የኮምፒውተር ሰዓት! እጅህ ላይ ሰዓት እሰር፣ አለቀ።» ደብዳቤውን ከሌሎቹ ሁለቱ በላይ አስቀመጡት። ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦባቸዋል።

እሺ ብዬ የራሴን መላ ዘየድኩ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው በጽዳትና በጥበቃ በሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት እጅ ነው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት ከፍተው ጆንያዎቹን የሚያነሱት፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። ሰዓቱን ከስልካቸው እያዩ እንዲያስገቡ አሳየኋቸው፤ በአንድ ቀን ያዙት። ነገር ግን እንደማንኛችንም ስልኩ ዘጠኝ ሲል ሦስት ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ የስልኩን ዘጠኝ፣ አንዳንዱ ላይ የኛን ሦስት ያስገባሉ። አንድ ቀን መጥቼ ብመለከት ሰባቱ ዘጠኝ፣ ስድስቱ ሦስት፣ አንዱ ደግሞ አሥር ይላል። ደሜ ፈላ። የዚያኑ ቀን በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩላቸው፦ «ስልክዎ ላይ የሚያዩትን ቁጥር እንዳለ ያስገቡ። ምንም አይጨምሩ፤ ምንም አይቀንሱ።»

ሁለት ነገር ጨመርኩበት። ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ሲያገኙ ሰዓታቸውን በራሳቸው የሚያስተካክሉበትን ነገር አጠፋሁት፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት የሚደርሰው በአንዲት ሞደም ለአንዱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ እሱ ብቻውን ከሌሎቹ ይለይና ሥርዓቱን ያፈርስብኛል። ሁለተኛው፣ ስልክ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ከለከልኩ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እየሰኩ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ቫይረስም ያስገባሉ። በሩ አጠገብ የካርቶን ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ሁሉም ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ይጥላል። እኔም ጭምር። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሰዓት ማለት ታስክባሩ ላይ ያለው ሰዓት ነው» ብዬ አወጅኩ።

አንድ ሰው ኮምፒውተር ፈልጎ የመጣብኝ በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። የግቢው በር ላይ የነበረው ዘበኛ ሲያሾፍበት ሰማሁ።

«ያ ዙል! ሰሊጥ እዚህ አይታጨድም፤ ተሳስተሃል!» ያ ዙል ማለት ከሱዳኖቹ የተወሰደ፣ አንተ ሰው እንደ ማለት ነው።

«ማጭዱን ውጭ ትቼዋለሁ፤ አትፍራኝ» አለው፤ ወደ እኔ ዞረና «ቲቸር፣ ኮምፒውተር ያለው እዚህ ነው አሉኝ» አለ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሸሚዙ ላብና አፈር ጠጥቷል፤ ጣቶቹ ከሰሊጡ ሙጫ የተነሳ ጠቁረዋል። አነጋገሩ የጎጃም ነው። በጂኦግራፊ ተመርቋል፤ ሥራ አጥቶ ለአንድ አዝመራ ብሎ የወረደው ሰው ይኸው ሦስተኛውን እያጨደ ነው። ከደጋ ወርዶ በጉልበት ሥራ እዚሁ የሚቀረውን ሰው ሳሉግ ይሉታል። እሱም ራሱን «ባለ ዲግሪ ሳሉግ» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት የመሬት መረጃ ባለሙያ ሊቀጥር ነው። ማመልከቻውን ተቀብሎ ለፈተና ጠርቶታል። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ በስልክ አይከፈትም፣ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል ያልገባ፣ በቃው።

«ሦስት ዓመት ካመለከትኩት ሁሉ የጠራኝ ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ እየሳቀ፦ «አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ መተማ ቢሮ ገባ ብሎ ነግሯል። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ለዚህ ነው አገሬ የማልገባው። ይህችን ካለፍኩ ግን ውሸቱ እውነት ይሆንና በፊት ለፊት እገባለሁ።»

«ታልፋታለህ» አልኩት። «ቅዳሜ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ የሰጠው ግማሽ ቀን ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ አይጠብቅም፤ ፍሬው አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል። አንድ አጫጅ በጎደለ ቁጥር ካቦው ፀጉሩን ይነጫል። እኔም ያንን ግማሽ ቀን ላከብርለት ወሰንኩ።

አርብ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ስልኬ ሞቶ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣሁት በግምት ነው። ስደርስ ሰውየው ከትምህርት ቤቱ ራኩባ፣ ከሣሩ ዳስ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከኮኪት ወዲያ ካለው እርሻ በጭነት መኪና ነው የመጣው። መብራት ተመልሷል። እትዬ ለእኛ ሲሉ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ክፍሉን ከፍተዋል፤ ኮምፒውተሮቹ በርተዋል። የታስክባሩን ሰዓት አየሁ፤ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ከአርባ። አሥራ አራቱም አንድ ዓይነት። ደስ አለኝ። ማልደን ደርሰናል።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ መሰኪያ ፈለገ። «ቲቸር፣ ይቺን ትንሽ ልሰካት? እርሻው ላይ መብራት የለም፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሙት ናት።»

«ይቅርታ፣ እዚህ ስልክ አይገባም» ብዬ ሳጥኑን አሳየሁት። ምክንያቱንም በዝርዝር አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሳጥኑ ውስጥ ጣላት። የእኔ ቀድማ እዚያው ነበረች።

ሞደሟ ስትግል ትቆራረጣለች። ስለዚህ ፈተናው ሩብ ሰዓት ሲቀረው ብቻ እንክፈታት አልኩት፤ ተስማማ። እስከዚያ ምን እንሥራ? ለእኔ ይህ ጥያቄ አይደለም። አስተማርኩት። አራተኛው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬው ታስክባሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስጎበኘሁት። የፈተናው ገጽ እንዳይጠፋበት እዚህ እንዴት እንደሚሰካ፣ ሌላ መስኮት ቢከፈትበት በታችኛው መስመር እንዴት እንደሚመለስ፣ መልስ ሲጽፍ የቃሉን ብዛት ከስታተስ ባሩ ላይ እንዴት እንደሚያነብ። የቋንቋውን ምልክት አሳየሁት፤ በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንዳይቀርበት። እጁ ከማውሱ ጋር ቶሎ አልተላመደም። ምልክቶቹን ሳያስበው ይነቅላቸዋል፤ እኔ መልሼ እሰካቸዋለሁ።

«በናትህ ተዋት፣ ትንቀል» አለኝ አንዴ።

«አይሆንም፤ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል።»

«እንኳንም አንተ ካቦ ሆነህ አልተወለድክ፤ ሰሊጡን በቁመት አሰልፈህ ታሳጭደን ነበር።»

ሳቅን። እንደገና ሰካሁ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሳና በሩ ላይ ቆመ። መሬት መሬቱን ያያል። «ቲቸር፣ ሦስት ሰዓት ያለፈ ነው የሚመስለኝ።»

«በምን አወቅህ?»

«ጥላዬ አጥራለች። እርሻ ላይ ቁርስ የምንበላው በጥላ ነው፤ እንዲህ ስትሆን ቁርስ ተበልቶ ተነስተናል። ፀሐይዋም ማቃጠል ጀምራለች።»

አሁን የምጽፈውን ነገር ስጽፍ እጄን የሆነ ነገር ላይ ልመታው ያምረኛል። ፈገግ አልኩ። የጂኦግራፊ ምሩቅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በፀሐይ ሲሠራ የኖረ ሰው ጥላዬን አየሁ ሲለኝ፣ እኔ እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፈገግ አልኩበት። «ና፣ ተመልከት» ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት። የታስክባሩ ሰዓት ሁለት ከአሥር ይላል። «አንዱ ቢሳሳት እሺ። አምስተኛውን እይ። ዘጠነኛውን እይ። አሥራ አራቱም አንድ ናቸው። አሥራ አራት ኮምፒውተር አንድ ላይ አይሳሳትም።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» ብሎ ተቀመጠ።

ወደ ስታተስ ባሩ ተመለስን።

ታስክባሩ ሁለት ከአርባ አምስት ሲል ሞደሟን ሰካኋት። ገጹ እየተንፏቀቀ ተከፈተ። ሰውየው የይለፍ ቃሉን ከወረቀት ላይ እያየ በአንድ ጣት መታ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ የመግቢያው ጊዜ አብቅቷል።

«ተሳስተህ ይሆናል፣ እንደገና ሞክር» አልኩት። ሞከረ። አብቅቷል። እኔ ሞከርኩ። አብቅቷል። ከቀዩ ጽሑፍ በታች ገጹ የራሱን ሰዓት ጽፏል፤ በኛ ሦስት ከአርባ ስድስት። ዓይኔን ወደ ግርጌ ጣልኩ፤ ሁለት ከአርባ ስድስት።

አንድ ሰዓት።

ወጥቼ እትዬን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ራኩባው ሥር ነበሩ። «ሰዓቱን ምን አድርገሽ ነው ያስገባሽው? ማን ንኪ አለሽ?»

ቀስ ብለው ተነሱ። «ንኪ? ሽ? እኔን ነው?»

«ይሄ ሰው ፈተናው አመለጠው!»

«መጀመሪያ አፍህን ሰብስብ። የወለድኳቸው ልጆች እንዲህ አይጠሩኝም።» ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው በእጄ አስጨበጡኝ። «ይኸው። ያየሁትን ነው ያስገባሁት።»

ስልኩም ሁለት ከአርባ ሰባት ይላል። ግራ ገባኝ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይ፣ የስልኩ አናት ላይ ወዳለችው ቀጭን መስመር ሄደ። እሷም ስታተስ ባር ናት፤ የባትሪው መጠንና የኔትወርኩ ስም የሚጻፍባት። የተጻፈው ስም የሱዳኑ ኔትወርክ ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው አንቴና የእትዬን ስልክ ይዞታል፤ ስልኩም የሱዳንን ሰዓት ይዟል። የሱዳን ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

«ቤቴ የድንበሩ ድልድይ ጋ ነው» አሉ እትዬ። «መብራት ሲጠፋ የኛ ኔትወርክ ይሞታል፣ የነሱ ይይዘዋል። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ አገር የለም። እኔም እንዲህ ሲሆን አንድ ጨምሬ ነበር የማስገባው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልጨመሩም?»

ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ወረቀቱ እዚያው ነው፣ በትልልቅ ፊደል፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ። ምንም አይጨምሩ፤ ምንም አይቀንሱ። «አንተ አይደለህም የለጠፍከው? የተማረ ሰው የጻፈውን ላፍርስ?»

ሰውየው ከበሩ ላይ ሁሉንም ሰምቷል። የሚጮህ መስሎኝ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ጨረስክ?» አለኝ። «ሌላ የምታስተምረኝ አለ? ያቺ ትንሿ ምልክት በቀኝ ነው በግራ የምትሰካው?»

«ይቅርታ። እኔ…»

«ጥላዬን አሳየሁህ! ወጥቼ አሳየሁህ! እኔ ውጭ ሆኜ ፀሐይ እያየሁ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ ምልክት ታሰልፋለህ!» አሁን ጮኸ። «ስልኬን ብትሰካልኝ ምን ትሆን ነበር? ሀያ ደቂቃ! ምን ይጎድልብህ ነበር?»

እትዬ «በቃ ልጄ» አሉት። ለእሱ ነው ልጄ ያሉት። ከሳጥኑ ውስጥ ስልኩን አነሳ። ልሸኝህ ስለው ዞር ብሎም አላየኝም። ወደ ኮኪት የሚሄድ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ከግማሽ ቀኑ ገና ግማሹ አልደረሰም ነበር፤ ቀሪውን ሰሊጥ ሲያጭድ እንደዋለ በኋላ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ጽፌ ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። ደብዳቤው አጭር ነው። አመልካቹ በሰዓቱ ተገኝቶ እንደነበር፣ የዘገየው በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት ስሕተት እንደሆነ፣ ሌላ ዕድል እንዲሰጠው የሚጠይቅ። የሚያስፈልገኝ ማኅተም ብቻ ነበር። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የትምህርት ቤቱ ሰዓት ተሳስቷል ብዬ ማኅተም ልምታ?»

«ተሳስቶ ነበር እኮ።»

«ተሳስቶ ነበርና ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት አንድ አይደለም። ነገ ኢንስፔክሽን መጥቶ ይሄን ቢያነብስ? ደግሞ ቅዳሜ ክፍሉን ለውጭ ሰው እንድትከፍት ማን ፈቀደልህ?»

«ባትሪዎቹ ተቀይረው ቢሆን ይሄ አይመጣም ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። እዚያ፣ ከብርጭቆው ሥር ናቸው።»

ብርጭቆውን አንስተው አላዩም። «የአንድ ሰዓት ስሕተት ነው፤ ምን ታካብዳለህ? ሰውየው የቀን ሠራተኛ ነው አላልክም? ሥራውን አላጣም።»

እዚህ ላይ የተናገርኩትን አልጽፈውም። ጥሩ አማርኛ አልነበረም። ከቢሮው ስወጣ ሁለት መምህራን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አንዱ «ቲቸር ታስክባር ዛሬ ግሏል» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ደብዳቤውን በራሴ ስምና ፊርማ፣ ያለ ማኅተም ላክሁት። መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። አመልካቾች የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ትክክለኛነት ራሳቸው የማረጋገጥ ኃላፊነት አለባቸው ይላል። ሦስት መስመር ነው። በሥርዓት የተጻፈ፣ ኅዳጉ የተስተካከለ፣ አንድ የፊደል ግድፈት የሌለበት። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው።

በማን ላይ እንደምናደድ ብዙ ጊዜ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ። አንድ፣ ምክትሉ። ሁለት፣ ሰውን በግማሽ ሰዓት በር ዘግቶ የሚያስቀር መሥሪያ ቤት። ሦስት፣ እኔ። ቁጥር ስሰጣቸው ግን ሦስተኛው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ባትሪውን የከለከሉት ምክትሉ ናቸው፤ አንድ የሚጨምሩትን ሴት አይጨምሩ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ራሱን እንዳያስተካክል ያሰርኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ዓመት ሙሉ ኖሬ ሳልጠይቅ፣ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ። እትዬን ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብለው ጆንያውን ማጠፍ ቀጠሉ። ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ «እግዜር ይመስገን፣ መምህር» ብለው ነበር። ከዚያ በፊት ልጄ ነበር የሚሉኝ።

ሰውየው ስልክ የደወለልኝ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ጭነት መኪኖቹ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። ቁጥሩን አላወቅኩትም፤ ድምፁን ግን አወቅኩት።

«ቲቸር። ሌላ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ የሥራው ዓይነት ያው። ጠርተውኛል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «መቼ ነው? ክፍሉን አዘጋጅልሃለሁ። ሞደሟን በሌላ ቀይሬአታለሁ፣ ሰዓቱንም እኔ ራሴ…»

«አይ፣ አንተ ጋ አልመጣም። ጎንደር ነው የምፈተነው። በዋዜማው እገባለሁ።»

«ልምጣና ላግዝህ? ቢያንስ ለ…»

«አትምጣ።» ከጀርባው ሰዎች የሚጫን ጆንያ እየቆጠሩ ሲጯጯሁ ይሰማኛል። «ልሰድብህ አይደለም የደወልኩ። አባቴ ያኔ ለተሻለ ሥራ ልፈተን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ እንዴት ሆነ ብሎ ሲጠይቀኝ አስተማሪው አስመለጠኝ ብዬ ነገርኩት። የቢሮውንም ውሸት አብሬ ነገርኩት፣ አንድ ላይ ወጣ። አሁን የሚያውቀው ሰሊጥ አጫጅ መሆኔን ነው። እሱን ልነግርህ ነው።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ና ግባ አለኝ። ከፈተናው በፊት ሄጄ አየዋለሁ።»

እንኳን ደስ ያለህ ልበል ይቅርታ ልበል ሳልወስን ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳም። ሁለተኛ ጊዜም ደወልኩ። ከዚያ መጥሪያው ተደወለና ጠመኔዬን ይዤ፣ ፊቴ እንደጋለ፣ ወደ ክፍል ገባሁ። በዚያ ክፍለ ጊዜ ያለ ምክንያት ሁለት ተማሪዎችን ተቆጣሁ።